«ቀሪውን ባንክ ይሸፍነዋል» ተብሎ ፍራንቻይዝ አይገዛም

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እኔ ኡበር እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ነርስ ናት፣ ሁለታችንም ሲቲዝን ነን። 60,000 ዶላር ቆጥበናል። ዕቁብ አለኝ፤ 25 ሰዎች ነን፣ በወር አንድ አንድ ሺህ እንጥላለን። ዘጠነኛውን ዕጣ ስለሰጡኝ በሚቀጥለው ወር 25,000 ይደርሰኛል። ባለቤቴ 401ኬ በሚባለው የጡረታ ቁጠባዋ ላይ 85,000 አላት። ታውንሃውስ ገዝተናል፣ ክሬዲቴም 710 ነው። የሳንድዊች ፍራንቻይዝ፣ ማለት በታወቀ ኩባንያ ስምና አሠራር የሚሠራ ሱቅ፣ ለመክፈት አስበናል። ያገናኘን ሰው ጠቅላላ ወጪው 350,000 ዶላር እንደሆነና እኛ አሥር በመቶ ካቀረብን ቀሪውን መንግሥት በኤስቢኤ፣ በአነስተኛ ንግድ መሥሪያ ቤቱ፣ እንደሚያበድረን ነገረን። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ 40,000 ልኮ 15 በመቶ ሼር መያዝ ይፈልጋል። ባንክ ከከለከለን የ401ኬውን እናውጣው ወይ? ብድሩንስ ከየት ነው የምናገኘው?»

መልስ፦ መጀመሪያ የተነገራችሁን እናስተካክል። ኤስቢኤ ለእናንተ ብድር አይሰጥም። ገንዘቡ የሚወጣው ከባንክ ነው። ኤስቢኤ የሚያደርገው ለባንኩ ዋስ መሆን ነው። 7ኤ በሚባለው ፕሮግራም ብድሩ እስከ 150,000 ዶላር ከሆነ 85 በመቶውን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 75 በመቶውን ይዋሳል። መክፈል ቢያቅታችሁ መንግሥት የባንኩን ኪሳራ ይጋራል እንጂ የእናንተን ዕዳ አይሰርዝም። ብድሩን የሚፈቅደውም የሚከለክለውም ባንኩ ነው። አንዱ ባንክ የመለሰውን ፋይል ሌላው ሊቀበለው የሚችለውም ለዚህ ነው።

አሥር በመቶው እውነት ነው፣ ግን ዝቅተኛው ልክ ነው። በጁን 2025 ሥራ ላይ የዋለው የኤስቢኤ ደንብ አዲስ ለሚከፈት ንግድ ቢያንስ ከጠቅላላው ወጪ 10 በመቶ ከባለቤቶቹ እንዲመጣ ያዛል። ባንኮች ግን ምግብ ቤት ሠርቶ ለማያውቅ ሰው፣ ገና ላልተከፈተ ሱቅ፣ በ10 በመቶ አያበድሩም ማለት ይቀላል። ብዙውን ጊዜ 20 በመቶ፣ አንዳንዴም 30 ይጠይቃሉ። የ350,000 ሃያ በመቶ 70,000 ነው። ያላችሁን 60,000 እስከ መጨረሻው ሳንቲም ብታወጡት እንኳ አይሞላም። ቢሞላም ባዶ ኪስ ይዞ ሱቅ መክፈት ነው፤ ይህን ባንኩም አይወደውም።

ያገናኛችሁ ሰው ክፍያ አልጠየቃችሁ ይሆናል። ክፍያውን የሚያገኘው ፍራንቻይዙን ከሚሸጠው ኩባንያ ነው፤ እናንተ ፈርማችሁ ስትከፍሉ ኮሚሽኑ ይገባለታል። ይህ ሕጋዊ ሥራ ነው፣ ሰውዬውም ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን የእናንተ አማካሪ አይደለም። «350,000» ያለው ቁጥርም ከየት እንደመጣ ጠይቁት። ሕጉ እያንዳንዱ ፍራንቻይዝ ሻጭ ለገዢው የሚሰጠው ኤፍዲዲ የሚባል መግለጫ ሰነድ እንዲኖር ያስገድዳል። 23 ክፍሎች አሉት። አይተም (ክፍል) 7 ላይ ለመክፈት የሚያስፈልገው ወጪ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ግምት ተቀምጧል። ሻጮች በአፋቸው የሚጠሩት ብዙ ጊዜ ዝቅተኛውን ነው። ኖርዘርን ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የሱቅ ኪራይና የግንባታ ዋጋ ግን ወደ ከፍተኛው ይጠጋል። በዚያው ገጽ መጨረሻ «ተጨማሪ ገንዘብ» የምትል መስመር አለች። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ብቻ ነው የምትሸፍነው። ሱቁ በሦስት ወር ትርፍ ላይ ካልደረሰ፣ አራተኛው ወር ከናንተ ኪስ ነው።

«ብድር ከየት ይገኛል» ከሚለው በፊት «ሱቁ ብድሩን ይከፍላል ወይ» የሚለው መመለስ አለበት። ባንኩ ዋናው የሚያየው ይህንን ነው፤ እናንተም ከባንኩ በፊት ልታዩት ይገባል። ቁጥር ይዘን እንሞክረው። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፣ ስሌቱ ግን ባንክ የሚሠራው ነው።

ሱቁ በዓመት 500,000 ዶላር ይሸጣል እንበል። ለዳቦ፣ ለሥጋ፣ ለአትክልትና ለማሸጊያ 30 በመቶ ይወጣል፤ 150,000። ለሠራተኛ 28 በመቶ፤ 140,000። ኪራይ በወር 5,000፤ በዓመት 60,000። ለመብራት፣ ለኢንሹራንስ፣ ለካርድ ማሽን፣ ለጥገና 40,000። አሁን ለፍራንቻይዙ የሚከፈለው ይመጣል። የሳንድዊች ሰንሰለቱን ሰብዌይን ብንወስድ ሮያሊቲው (ለስሙና ለአሠራሩ የሚከፈለው) 8 በመቶ፣ የማስታወቂያው 4.5 በመቶ ሆኖ ነው ለዓመታት የኖረው። ድምሩ 12.5 በመቶ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ከትርፍ ላይ አይደለም፤ ከሽያጭ ላይ ነው። ብታተርፉም ብትከስሩም ይቆረጣል። ከ500,000 ላይ 62,500 ማለት ነው። ሁሉም ሲቀነስ የሚተርፈው 47,500 ነው።

አሁን ብድሩን እናምጣው። 50,000 ከራሳችሁ አውጥታችሁ 300,000 ብትበደሩ፣ በአሥር ዓመት፣ በ10 በመቶ ወለድ፣ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 3,965 ዶላር ይመጣል። በዓመት ወደ 47,600። ሱቁ ያስገኘው 47,500 ነበር። ያ ሁሉ ሽያጭ፣ ያ ሁሉ ድካም፣ መቶ ዶላር ይጎድለዋል። ለእናንተ ደሞዝ የለም። ፍሪጅ ቢበላሽ ማሠሪያ የለም። ባንኮች በተለምዶ የሚፈልጉት ለእያንዳንዱ የብድር ክፍያ ዶላር ሱቁ አንድ ከሩብ ዶላር እንዲያስገባ ነው። ይህ ሱቅ አንድ ዶላርም አልሞላም። ስለዚህ ባንኩ ቢከለክላችሁ የጠላት ሥራ አይደለም፤ ሒሳቡን ሠርቶላችኋል።

ወለዱን 10 በመቶ ያልኩት ለስሌት እንዲመች ነው። የኤስቢኤ ብድር ወለድ አብዛኛውን ጊዜ ተንሳፋፊ ነው። ፕራይም በሚባለው መነሻ ላይ ባንኩ የራሱን ይጨምራል። ከ350,000 በላይ ለሆነ ብድር ከፍተኛው ጭማሪ 3 በመቶ ነው፤ ብድሩ ሲያንስ የሚፈቀደው ጭማሪ ይበልጣል። ፕራይም በ2025 መጨረሻ 6.75 በመቶ ነበር። ነገ ቢወጣ የወር ክፍያችሁም አብሮ ይወጣል።

አሁን ወደ እርስዎ ፋይል ልምጣ። ክሬዲትዎ 710 መሆኑ በቂ ነው፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ባንኩ ያለፉትን ሦስት ዓመታት የታክስ ሰነድ ይጠይቃል፤ ያቀረቡት ትክክለኛ መሆኑንም ከአይአርኤስ፣ ከፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ በቀጥታ ያጣራል። ኡበር የሚሠራ ሰው ታክስ ሲያስገባ ምን እንደሚመስል እንየው። ተሳፋሪዎች በዓመቱ 84,000 ከፍለዋል እንበል። ከዚያ ላይ የኩባንያው ድርሻና ልዩ ልዩ ክፍያ 22,000 ይቀነሳል። 55,000 ማይል ነድተዋል፤ በ2025 በአንድ ማይል 70 ሳንቲም ይፈቀድ ስለነበር 38,500 ይቀነሳል። ስልክና ሌላ ወጪ 1,500። የመጨረሻው መስመር ላይ የሚቀረው 22,000 ዶላር ነው። ታክስ ሲከፍሉ ይህ ቁጥር ያስደስታል። ባንክ ፊት ሲቀመጡ ግን የዓመት ገቢዎ 22,000 የሆነ ሰው ነዎት። «እውነተኛው ገቢዬ ከዚህ ይበልጣል» ማለት አይጠቅምም፤ የፈረሙበት ወረቀት ነው የሚታየው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በማይል ከሚቀነሰው ውስጥ የተወሰነው የመኪናው እርጅና ነው፤ ከኪስዎ በየወሩ የወጣ ገንዘብ አይደለም። ሥራውን የሚያውቅ ባንክ ያንን መልሶ ገቢዎ ላይ ሊደምርልዎ ይችላል። ታክስ የሚሠራልዎትን ሰው ይህን በአንድ ገጽ እንዲያዘጋጅልዎ ይጠይቁት። ከዚህ ሌላ በእጅ የተቀበሉት ገቢ ካለ በሚቀጥለው የታክስ ፋይል በሙሉ ያስገቡት። ታክሱ ይጨምራል። ግን ያልታየ ገቢ ይዞ ብድር የሚያገኝ የለም። የባለቤትዎ የነርስ ደሞዝ ደግሞ የፋይላችሁ ምሰሶ ነው። ደብልዩቱ (አሠሪ የሚሰጠው የደሞዝ ታክስ ቅጽ) አለው፣ ቋሚ ነው፣ ቤታችሁን የሚያኖረው እሱ እንደሆነ ባንኩ ያያል። ሁለታችሁም ሥራ ትታችሁ ሱቅ ልትገቡ ካሰባችሁ ሐሳቡን ተዉት። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እሷ ሥራዋ ላይ ትቆይ።

ዕቁቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ ሰዎች ዘንድ ብዙ ፋይል የሚበላሸው እዚህ ነውና። ዕቁብ በራሱ ችግር የለበትም፤ ሕጋዊ ነው፣ ብዙ ንግድም አቁሟል። ግን የእርስዎ 25,000 ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ገንዘብ አይደለም። ዘጠነኛ ነዎት። ዕጣው እስኪደርስዎ የሚጥሉት 9,000 ነው። የሚቀሩት 16 ወራት አሉ፤ በየወሩ አንድ ሺህ ይጥላሉ። ስለዚህ 9,000ው ቁጠባ ነው፣ 16,000ው ዕዳ ነው። በኤስቢኤ ደንብ የተበደሩት ገንዘብ እንደራስ መዋጮ የሚቆጠረው ዕዳው ከሱቁ ገቢ ሳይሆን ከሌላ ምንጭ እንደሚከፈል ሲረጋገጥ ነው። የባለቤትዎ ደሞዝ ያንን ሺህ ዶላር በየወሩ ይችላል ወይ? የሚችል ከሆነ ሰነድ ይዞ ማሳየት ይቻላል። ካልቻለ ግን በመዋጮ ውስጥ አያስገቡት።

አሁን የባንኩን ወረቀት በዓይነ ሕሊናዎ ይዩት። ፋይሉን የሚመረምረው ሰው የሂሳብ መግለጫዎን ገጽ በገጽ ያገላብጣል። በየሳምንቱ ከኡበር 900፣ 1,100፣ 850 ይገባል። ከዚያ ድንገት አንድ ቀን 25,000 በካሽ ገብቷል። እርሳሱ እዚያ መስመር ላይ ይቆማል። «ይህ ከየት መጣ?» የሚል ጥያቄ ይጽፍልዎታል። «ዕቁብ ነው» ብሎ ብቻ መመለስ አይበቃም። የዕቁቡ ዳኛ ወይም ጸሐፊ የፈረሙበት፣ የአባላቱን ቁጥር፣ የወሩን መዋጮ፣ የእርስዎን ዕጣ ተራና ቀሪ ክፍያዎን የሚያሳይ ደብዳቤ ያስፈልጋል። እርስዎ በየወሩ የጣሉትም በባንክ ወይም በዜል የተላለፈ ከሆነ ታሪኩ ራሱን ያስረዳል። ከመቀበልዎ በፊት ጸሐፊውን ያነጋግሩና ገንዘቡን በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር ይቀበሉ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ። ባንክ ከ10,000 ዶላር በላይ ካሽ ሲገባለት ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱ ወንጀል አይደለም፣ እርስዎን አይጎዳም። ወንጀል የሚሆነው ሪፖርቱን ለማምለጥ ብሎ ገንዘቡን እየከፋፈሉ፣ ዛሬ 9,000 ነገ 8,000 እያሉ ማስገባት ነው። ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም ያስጠይቃል። በቅን ልቦና «እንዲህ አድርግ» የሚሉ ወዳጆች አሉ፤ አይስሟቸው።

ወንድምዎ በሼር ከገቡ የኤስቢኤው በር ይዘጋል። በ2025 የወጣው ደንብ የድርጅቱ ባለቤቶች በሙሉ የአሜሪካ ዜጎች ወይም ቋሚ ነዋሪዎች እንዲሆኑ ጠይቋል። ውጭ አገር የሚኖር የውጭ ዜጋ 15 በመቶ ሼር ከያዘ እናንተ ሲቲዝን መሆናችሁ አያድናችሁም። ደንቡ ከዚያ ወዲህም ተቀያይሯል፣ ግሪን ካርድ ያላቸውንም ይነካል። ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ አንባቢዎች ለማመልከቻ ከመድከማችሁ በፊት አበዳሪውን በመጀመሪያው ስልክ ጠይቁት። ወንድምዎ ከልብ ሊረዱ ከፈለጉ መንገዱ ስጦታ ነው፦ ሼር የሌለው፣ መመለስ የሌለበት፣ በፊርማቸው የተረጋገጠ። «በወረቀት ስጦታ እንበለው፣ በቃል ግን ሼር አለህ» የሚለው ስምምነት ለባንክ የሐሰት ቃል መስጠት ነው። ወንድማማችንም ያጣላል። ከአዲስ አበባ ያን ያህል ዶላር በሕጋዊ መንገድ ማውጣት ለግለሰብ ቀላል እንዳልሆነም ታውቃላችሁ። በእጅ በእጅ ተቀያይሮ እዚህ የደረሰ ገንዘብ ደግሞ ባንኩ የሚቀበለው ምንጭ የለውም። እኔ ብሆን የወንድሜን 40,000 ከሒሳቡ አወጣዋለሁ።

ስለ 401ኬው ሁለት መንገድ አለ፤ ሰዎች ያምታቷቸዋል። አንደኛው ከራስ 401ኬ መበደር ነው። የባለቤትዎ ፕላን የሚፈቅድ ከሆነ ከድርሻዋ እስከ ግማሽ፣ ከ50,000 ዶላር ሳይበልጥ መበደር ይቻላል፤ እዚህ ጋ እስከ 42,500 ማለት ነው። በአምስት ዓመት ይመለሳል፣ ከደሞዟ ይቆረጣል። ሥራ ከለቀቀች ግን ቀሪው ቶሎ መከፈል አለበት፤ ካልተከፈለ እንደ ገቢ ይቆጠርና ታክስ፣ ዕድሜዋ ከ59 ተኩል በታች ከሆነም ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ቅጣት ይመጣል። ሁለተኛው ሮብስ የሚባለው ነው። ሲ ኮርፖሬሽን (ታክሱን ራሱ የሚከፍል አክሲዮን ድርጅት) ይቋቋማል፣ አዲሱ ድርጅት የራሱን 401ኬ ያወጣል፣ የጡረታው ገንዘብ ወደዚያ ይዛወርና የድርጅቱን አክሲዮን ይገዛል። ዕዳ የለም፣ ወለድ የለም፣ ቅጣት የለም ተብሎ ይሸጣል። እውነት ነው፤ ግን ሱቁ ከተዘጋ የ85,000ው ጡረታ አብሮ ይዘጋል። አሠራሩም ጥቃቅን ደንብ የበዛበት ነው። አይአርኤስ በጥርጣሬ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ነው። በነርስ ጉልበት የተጠራቀመ ጡረታ ነው። በፍጹም አትንኩት።

ቤታችሁን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስህተት ልንገራችሁ። «ኤልኤልሲ ከከፈትኩ ቤቴ አይነካም» የሚል አለ፤ ኤልኤልሲ የድርጅቱን ዕዳ ከባለቤቱ የግል ንብረት የሚለይ የድርጅት ዓይነት ነው። በኤስቢኤ ብድር 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሼር ያለው ሁሉ በግሉ ይፈርማል። ኤልኤልሲው ከደንበኛ ክስ ወይም ሱቅ ውስጥ ተንሸራቶ ከሚወድቅ ሰው ሊጠብቃችሁ ይችላል፤ በግል ከፈረማችሁት ዕዳ ግን አይጠብቃችሁም። የሱቁ ዕቃ ብድሩን የማይሸፍን ከሆነና በቤታችሁ ላይ ከዕዳው የሚተርፍ በቂ ድርሻ ካላችሁ፣ ባንኩ ቤቱን በመያዣነት ሊጠይቅ ይችላል። ቤቱ በሁለታችሁም ስም ከሆነ ባለቤትዎም ትፈርማለች። ስለዚህ ይህ ውሳኔ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ቁጥሩን እሷም ቁጭ ብላ ትየው።

ሌሎች ምንጮችን በአጭሩ። አርሊንግተን የሚገኘው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስል፣ ኢሲዲሲ፣ ለአነስተኛ ንግድ የሚያበድር ክንፍ አለው። እንዲህ ያሉ የማይክሮ አበዳሪዎች በኤስቢኤ ፕሮግራም እስከ 50,000 ዶላር ያበድራሉ። ሙሉ ፍራንቻይዝ አይገዛም፣ ግን ለዕቃ ወይም ለማንቀሳቀሻ ይሆናል፤ አማርኛ የሚያወራ ሰውም ይገኛል። ፍራንቻይዙ ራሱ የሚሰጠው ብድር ካለ አይተም 10 ላይ ተጽፏል። ሰቨን ኢለቨን ደግሞ የተለየ አሠራር አለው። ቦታውንና የሱቁን መሣሪያ ኩባንያው ያቀርባል፣ ጠቅላላ ትርፉን ከእናንተ ጋር ይካፈላል። መነሻው ሊያንስ ይችላል፤ ግን ሱቁ መቼም የእናንተ አይሆንም። ለሚቸኩል ሰው ደግሞ ስልክ እየደወሉ «በ24 ሰዓት ገንዘብ» የሚሉ አሉ። 30,000 ሰጥተው 40,500 ይቀበላሉ፤ በየቀኑ ከካርድ ሽያጫችሁ እየቆረጡ። ከነዚህ ራቁ። ሱቅ ቢታመም የሚገድሉት እነሱ ናቸው።

የምመክራችሁ ይህን ነው። አዲስ ሱቅ አትክፈቱ። ቢያንስ ሦስት ዓመት የሠራ፣ ባለቤቱ የሚሸጠው፣ የዚያው ዓይነት ፍራንቻይዝ ፈልጉ። አዲስ ሱቅ ሲከፈት ባንኩም እናንተም የምታዩት ግምት ነው። የሚሠራ ሱቅ ግን የታክስ ሰነድ አለው። ጠቅላላ ወጪው፣ ዋጋው፣ የዝውውር ክፍያው፣ ሥልጠናውና ማንቀሳቀሻው ተደምሮ 210,000 ይሁን እንበል። 42,000 ከራሳችሁ አውጥታችሁ 168,000 ትበደራላችሁ። ወርሃዊ ክፍያው ወደ 2,220፣ የዓመቱ ወደ 26,600 ነው። ያው 500,000 የሚሸጥ፣ ያው 47,500 የሚያስቀር ሱቅ፣ አሁን ከብድር በኋላ ወደ 21,000 ይተርፈዋል። እርስዎ ራስዎ ከጠዋት እስከ ምሳ ከቆሙ ደግሞ ከሠራተኛው ወጪ ላይ የአንድ ሰው ደሞዝ ይቀንሳል። ከቁጠባው 18,000 በእጃችሁ ይቀራል፤ ያንን አትንኩት። የዕቁቡን 16,000 ዕዳም ሱቁ ላይ ሳትጭኑ ትጨርሳላችሁ።

የሚሠራ ሱቅ ሲገዛ የራሱ ጥንቃቄ አለው። የሻጩን የሦስት ዓመት የታክስ ሰነድ እዩ፤ «በካሽ የሚገባው ሌላ ነው» ካላችሁ ለታየው ብቻ ክፈሉ። የኪራይ ውሉ ስንት ዓመት ቀረው? ብድሩ የአሥር ዓመት ሆኖ ውሉ በሦስት ዓመት ካለቀ ባንኩ አይቀበልም፤ የማራዘሚያ መብት በጽሑፍ ይኑር። የፍራንቻይዝ ውሉም እንዲሁ። ፍራንቻይዙ አዲስ ገዢ ሲመጣ ሱቁን እንዲያድስ ሊያስገድድ ይችላል፤ የዕድሳቱን ግምት በጽሑፍ ጠይቁ፣ ከዋጋው ላይም አስቀንሱ። ሻጩ ከዋጋው ከፊሉን በዱቤ ልስጣችሁ ቢል መልካም ነው። ግን በኤስቢኤ ደንብ ያ ዱቤ ከመዋጮአችሁ እስከ ግማሽ ሊቆጠር የሚችለው ሻጩ ብድሩ እስኪያልቅ አንድ ሳንቲም ላይቀበል ከተስማማ ብቻ ነው። ይህን የሚስማማ ሻጭ ጥቂት ነው፤ እሱን ተማምናችሁ አትነሱ።

ከባንክ ጋር ከመነጋገር በፊት ፍራንቻይዙ በኤስቢኤ መዝገብ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። መዝገቡ በ2023 ቀርቶ ነበር፣ በ2025 ተመልሷል። ስሙ ከሌለ የኤስቢኤ ብድር የለም። ከዚያ ኤፍዲዲውን አንብቡ። አይተም 19 ላይ የሱቆች ገቢ ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ካልተጻፈ፣ ሻጩ በአፉ «በዓመት ይህን ያህል ታገኛላችሁ» ማለት በሕግ አይፈቀድለትም፤ ካለ ይህ ራሱ ምልክት ነው። አይተም 20 ላይ የአሁንና በቅርቡ የወጡ ባለቤቶች ስልክ አለ። የወጡትን ደውሉላቸው። አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ብድርዎን ሱቁ ከፍሎታል ወይስ እርስዎ?» ሰዎች ለዚህ ጥያቄ በእውነት ይመልሳሉ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በዚህ ዓመት አታመልክቱ። የሚቀጥለውን ታክስ ሙሉ ገቢዎን አሳይተው ያስገቡ። ዕቁቡን በባንክ ይቀበሉ፣ ደብዳቤውን ይያዙ፣ ገንዘቡ ሂሳብዎ ላይ ወራት ይቀመጥ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ አንድ ሳንድዊች ቤት ገብተው ይሥሩ፤ ባንኩ ልምድዎን ሲጠይቅ የሚናገሩት ይኖርዎታል፣ ሥራውን መውደድ አለመውደድዎንም ያኔ ያውቁታል። ነፃ ምክር የሚሰጡ ስኮርና ኤስቢዲሲ የሚባሉ ቢሮዎች አሉ፤ የንግድ ዕቅዱን አብረዋችሁ ይሠራሉ። ውሉን ግን ፍራንቻይዝ የሚያውቅ ጠበቃ ያንብበው፤ ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ አይቆጠብም።

ያገናኛችሁ ሰው «ቦታው ሊወሰድ ነው፣ ዛሬ ፈርሙ» ካለ ደግሞ፣ በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት ኤፍዲዲው ከተሰጣችሁ በኋላ ቢያንስ 14 ቀን ሳይሞላ ሊያስፈርሟችሁም ገንዘብ ሊቀበሏችሁም አይችሉም።